ፓስፖርትን ተከትሎ የሚመጣ ግብር፦ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እስከ ማኅበራችን ገንዘብ ሣጥን



አብዛኛው የዓለም አገር ግብር የሚጠይቀው በግዛቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ነው። አንዲት ሴት ጓዟን ጠቅልላ ሌላ አገር ሄዳ ስትኖር፣ ከሠራችው ላይ የምትከፍለው ለምትኖርበት አገር ነው። የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው «የየትኛው አገር ዜጋ ነሽ?» ብሎ ሳይሆን «የት ነው የምትኖሪው?» ብሎ ነው። ከዚህ ወጣ ያለ መንገድ በመከተል በስፋት የሚታወቁት ሁለት አገሮች ናቸው፤ አሜሪካና ኤርትራ። በእነዚህ አገሮች ሕግ ግብሩ የሚከተለው ቤቱን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ሰውየው የትም ይኑር የት፣ ዜግነቱ እስካልተነሣ ድረስ ግዴታው አብሮት ይዞራል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአባሎቻችን መካከል አሜሪካ ለዓመታት ሠርተው፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ ይዘው አዲስ አበባ የተመለሱ አሉ። ልጆቻቸውን እዚያ ወልደው እዚህ የሚያሳድጉም አሉ። እዚያው ሆነው እዚህ ባንክ ሂሳብ የከፈቱ ደጋፊዎቻችንም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ሕጉ ከየት እንደመጣ፣ በማን ላይ ታስቦ እንደወጣና ዛሬ በማን ላይ እንዳረፈ ማወቅ ይጠቅመናል። ከዚህ በታች የአሜሪካና የኤርትራ ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ አዋጆች ዘመን ደግሞ እንደ እኛ አቆጣጠር ነው።

በጦርነት የተወለደ ሕግ

አሜሪካ የገቢ ግብር የሚባል ነገር የጀመረችው በ1861 ነው። ሰሜንና ደቡብ ጦርነት ገጥመው ነበርና ለሠራዊቱ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። የመጀመሪያው ሕግ በዓመት ከ800 ዶላር በላይ ገቢ ያለው ሰው ከትርፉ 3 በመቶ እንዲከፍል ያዝዛል። በውጭ አገር የሚኖር አሜሪካዊ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ካለው ንብረት በሚያገኘው ገቢ ላይ 5 በመቶ ተጣለበት። አገር ቤት ካለው ይልቅ ውጭ ያለው የበለጠ ይክፈል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ውጭ አገር ሄዶ የሚኖር አሜሪካዊ ሲባል በሰው ዓይን የሚታየው አገሩ ስትደማ ፓሪስና ለንደን ተቀምጦ ኪራዩን የሚበላ ባለጸጋ ነበር።

በ1864 ሕጉ ሰፋ። ከዚያ በኋላ ውጭ የሚኖረው ዜጋ የሚጠየቀው አሜሪካ ውስጥ ላለው ንብረት ብቻ ሳይሆን፣ ከየትም ዓለም ለሚያገኘው ገቢ ሁሉ ሆነ። ጦርነቱ በ1865 አለቀ፤ የገቢ ግብሩም በ1872 ቀረ። ሐሳቡ ግን አልቀረም። በ1913 የሕገ መንግሥቱ 16ኛ ማሻሻያ ጸድቆ የገቢ ግብር በቋሚነት ሲመለስ፣ በውጭ የሚኖሩ ዜጎችም አብረው ተመለሱ። ለጦርነት ጊዜ ሸሺዎች የተሰፋ ልብስ በሰላም ጊዜም እንዲለበስ ተደረገ።

ሕግ አውጪዎቹ አንዳንድ ማቅለያዎችን ጨምረዋል። በ1918ቱ የገቢ ሕግ፣ ለሌላ አገር የተከፈለ ግብር ለአሜሪካ ከሚከፈለው ላይ እንዲቀነስ ተፈቀደ። በ1926 ደግሞ ውጭ አገር ተሠርቶ የተገኘ ደመወዝ ከግብር ነጻ ተደረገ። ይህ ነጻ መሆን በ1962 ጣሪያ ተበጀለት፤ ለ2024 ጣሪያው 126,500 ዶላር ነበር። ነገር ግን እነዚህ ማቅለያዎች የሚያገለግሉት ቅጹን ሞልቶ ለጠየቀ ብቻ ነው። ዕዳ የለብኝም ብሎ ዝም ማለት አይቻልም፤ ዕዳ እንደሌለ በየዓመቱ በጽሑፍ ማሳየት ያስፈልጋል።

አንድ ዳኛ፣ ሁለት ፍርድ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሴቶች ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ምዕራፍ አለ። በ1907 አሜሪካ ባወጣችው ሕግ፣ የውጭ ዜጋ ያገባች አሜሪካዊት የባሏን ዜግነት ትወስዳለች፤ የራሷን ታጣለች። ኤቴል ማኬንዚ የተባለች በካሊፎርኒያ ተወልዳ ያደገች ሴት በ1909 የእንግሊዝ ዜጋ አገባች። ከአገሯም አልወጣችም። የካሊፎርኒያ ሴቶች በ1911 የመምረጥ መብት ሲያገኙ እሷም ልትመዘገብ ሄደች፤ «አንቺ አሜሪካዊት አይደለሽም» ተብላ ተመለሰች። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1915 ፍርድ ቤቱ ወሰነባት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆሴፍ ማኬና ነበሩ። ሕጉን ዐውቃ በፈቃዷ አግብታለችና ዜግነቷን በማጣቷ ቅሬታ ሊኖራት አይገባም የሚል ነበር መንፈሱ።

ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ1924፣ እኚሁ ዳኛ ማኬና ሌላ የዜግነት ጉዳይ ቀረበላቸው። ኩክ የተባለ አሜሪካዊ ኑሮውን ሜክሲኮ ከተማ ላይ አድርጎ ይኖር ነበር። ገቢው የሚመጣው ሜክሲኮ ካለው ንብረቱ ነው። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ 1,193 ዶላር ከ38 ሳንቲም እንዲከፍል ጠየቀው። ኩክ የመጀመሪያውን ክፍያ ከፍሎ ግብር ሰብሳቢውን ቴትን ከሰሰ። የምኖረው ሜክሲኮ፣ ንብረቴም ሜክሲኮ፤ ታዲያ አሜሪካ በምን ሥልጣን ነው? አለ። ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ፈረደበት። ምክንያቱ መንግሥት ዜጋውንና ንብረቱን የትም ቢሆን ይጠብቃል፤ ጥበቃው አብሮ ስለሚሄድ የመክፈል ግዴታውም አብሮ ይሄዳል የሚል ነበር። ዛሬም ድረስ ሕጉ የቆመው በዚሁ ፍርድ ላይ ነው።

ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ከአገሯ ሳትወጣ የኖረች ሴት በጋብቻዋ ምክንያት ዜግነቷ ተወሰደ፤ ከአገሩ ወጥቶ የሚኖር ወንድ ደግሞ በዜግነቱ ምክንያት ግብር ተጠየቀ። የሴቲቱ ዜግነት እንደ ቀላል ነገር ሲታይ፣ የሰውየው ዜግነት ሜክሲኮ ድረስ የሚዘረጋ ገመድ ሆነ። በመካከሉ፣ በ1922፣ ኬብል አክት የተባለው ሕግ ወጥቶ የሴቶች ዜግነት ከባሎቻቸው መለየት ጀመረ። ያ ለሴቶች ትልቅ ድል ነበር። ነገር ግን ዜግነት በስማችን ሲጻፍ ግዴታውም በስማችን እንደሚጻፍ መዘንጋት የለበትም። ዛሬ የአሜሪካ ዜጋ የሆነች ሴት ባሏ ከፈለም አልከፈለም፣ ራሷ ተጠያቂ ናት።

ከግብሩ ይልቅ ቅጹ የከበደበት ዘመን

በ1970 አሜሪካ የባንክ ምስጢርን የሚመለከት ሕግ አወጣች። ዓላማው ገንዘባቸውን በውጭ ባንኮች የሚደብቁ ወንጀለኞችንና ግብር የሚሰውሩ ሀብታሞችን መያዝ ነበር። በዚህ ሕግ መነሻነት፣ ከአሜሪካ ውጭ ባንክ ውስጥ ያለው ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለገንዘብ ሚኒስቴሩ ሪፖርት መደረግ አለበት። ሪፖርቱ በተለምዶ ኤፍባር ይባላል። ግብር አይከፈልበትም፤ ማሳወቅ ብቻ ነው። ቅጣቱ ግን ከባድ ነው። በ2004 ሕጉ ሲጠብቅ ሆን ብሎ ባይሆንም እንኳ ሳያሳውቅ የቀረ ሰው እስከ 10,000 ዶላር ሊቀጣ እንደሚችል ተደነገገ።

በ2010 ደግሞ ፋትካ የተባለው ሕግ መጣ። ይህኛው ግዴታውን በውጭ ባንኮች ላይ ጣለ፦ የአሜሪካ ዜጋ የሆኑ ደንበኞቻችሁን አሳውቁን፤ ካላሳወቃችሁ ከአሜሪካ ከሚመጣላችሁ ክፍያ ላይ 30 በመቶ እንቆርጣለን የሚል ነው። በዚህ ምክንያት በተለይ በአውሮፓ ብዙ ባንኮች አሜሪካዊ ደንበኛ አንፈልግም እስከ ማለት ደረሱ። ዜግነታቸውን የሚመልሱ ሰዎችም በረከቱ። በ2014 ዜግነት የመመለሻው ክፍያ ከ450 ዶላር ወደ 2,350 ዶላር ከፍ አለ፤ ለመውጣትም ገንዘብ ያስፈልግ ጀመር።

ሕጉ በማን ላይ እንዳረፈ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። አሌክሳንድሩ ቢትነር የተባለ የሩማንያ ተወላጅ በ1980ዎቹ አሜሪካ ገብቶ ዜግነት አገኘ፤ ኮሙኒዝም ከወደቀ በኋላ፣ በ1990፣ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ ነጋዴ ሆነ። የ5 ዓመት ሪፖርት በጊዜው አላቀረበም። መንግሥት በእያንዳንዱ የባንክ ሂሳብ 10,000 እያለ 272 ሂሳብ ቆጠረና 2.72 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጠየቀው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2023 ዳኞቹ 5 ለ 4 ተከፍለው ቅጣቱ የሚቆጠረው በሂሳብ ሳይሆን በሪፖርት ነው አሉ። ቅጣቱም 50,000 ዶላር ሆነ። ቢትነር ድሃ አልነበረም። መንገዱ ግን የብዙዎቻችን መንገድ ነው፦ ተሰደደ፣ ዜጋ ሆነ፣ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በልጅነት ብቻ የተገኘ ዜግነትም እንዲሁ ይከተላል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቦሪስ ጆንሰን በ1964 ኒውዮርክ ተወልደው በልጅነታቸው ነው የወጡት። ለንደን ያለ ቤታቸውን ሲሸጡ አሜሪካ ግብር ጠየቀቻቸው፤ ተቃወሙ፣ ኋላም ከፈሉ፣ በመጨረሻም ዜግነቱን መለሱ። አሜሪካ ወልደው እዚህ የሚያሳድጉ እናቶች ይህን ያስተውሉ። ልጁ አድጎ ሥራ ሲይዝ ፓስፖርቱ ብቻ ሳይሆን ቅጹም ይጠብቀዋል።

የጎረቤታችን 2 በመቶ

ኤርትራ በ1991 እና በ1995 ባወጣቻቸው አዋጆች በውጭ የሚኖሩ ኤርትራውያን ከገቢያቸው 2 በመቶ እንዲከፍሉ ደነገገች። መነሻው ከረጅም ጦርነት በኋላ አገር መልሶ መገንባት ነበር። እዚህም ላይ ጦርነት የግብሩ እናት ናት። አሰባሰቡ ግን ይለያል። አሜሪካ በባንክ በኩል ስትመጣ፣ ኤርትራ የምትመጣው በወረቀት በኩል ነው፤ ያልከፈለ ሰው ፓስፖርት ለማሳደስ፣ ውክልና ለመላክ ወይም ውርስ ለመረከብ ይቸገራል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ2011 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2023፣ ገንዘቡ ቀጠናውን ለማወክ እንዳይውል አውግዞ፣ በማስፈራራትና በማጭበርበር መሰብሰቡ እንዲቆም ጠየቀ። በ2013 ካናዳ በዚሁ ሳቢያ የኤርትራን ቆንስል አስወጣች። የተወገዘው ግን አጠቃቀሙና አሰባሰቡ እንጂ ዜግነትን ተከትሎ ግብር መጣሉ ራሱ አልነበረም።

በእኛ ቤት ሲሰላ

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደች ሴት ኢትዮጵያዊ ዜግነቷን ታጣለች። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 በተፈቀደው ቢጫ ካርድ ተመልሳ ትኖራለች፣ ትሠራለች፣ ግብር ትከፍላለች፤ በምርጫ ግን ድምፅ አትሰጥም። ለአሜሪካም የየዓመቱን ቅጽ ትሞላለች። ሁለት አገር ይጠይቃታል ማለት ነው። ግሪን ካርድ የያዘችም ካርዱን በደንቡ እስካልመለሰች ድረስ ከዚህ ግዴታ አታመልጥም።

ተቀጣሪ ከሆነች ብዙውን ጊዜ ለአሜሪካ የምትከፍለው የገቢ ግብር አይኖርም። የደመወዝ ማቅለያው አለ፤ በኢትዮጵያ እስከ 35 በመቶ የሚደርስ ግብር ስለሚከፈልም እሱ ይቀነስላታል። ነገር ግን ባሏ የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነና ለብቻዋ የምታስታውቅ ከሆነ፣ ለማስታወቅ የሚያስገድደው የዓመት ገቢ 5 ዶላር ብቻ ነው። አምስት ዶላር!

የከፋው የራሷን ሥራ ለምትሠራው ነው። ትንሽ ሱቅ፣ ልብስ ስፌት ወይም የምግብ ዝግጅት ያላት የአሜሪካ ዜጋ፣ የተጣራ ትርፏ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ 15.3 በመቶ የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ ይጠየቅባታል። ከላይ ያልናቸው ማቅለያዎች ይህን አይነኩትም። አሜሪካ ከ30 ያህል አገሮች ጋር ይህን ድርብ ክፍያ የሚያስቀር ስምምነት አላት፤ ኢትዮጵያ ግን ከእነዚያ ውስጥ የለችም። 4,000 ዶላር ያተረፈች ባለሱቅ 565 ዶላር ያህል ትከፍላለች። እርግጥ ነው፣ ለአሜሪካ ጡረታዋ ይቆጠርላታል። ያን ጊዜ ድረስ ግን ገንዘቡ ከሱቋ መደርደሪያ ላይ የሚነሣ ነው።

ማኅበራችንን በቀጥታ የሚነካው ደግሞ ፊርማ ነው። ኤፍባር የሚመለከተው የራስን ገንዘብ ብቻ አይደለም። በሌላ ሰው ወይም በድርጅት ሂሳብ ላይ የመፈረም ሥልጣን ያላት የአሜሪካ ዜጋም ያንን ሂሳብ ማሳወቅ አለባት። የዕድር፣ የዕቁብ፣ የማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆና በባንክ ከፈረመች፣ ከገንዘቡ አንድ ብር የእሷ ባይሆንም ግዴታው የእሷ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 10,000 ዶላር 570,000 ብር ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለአንድ ሰው ብዙ ነው፤ የብዙ እናቶች መዋጮ ለተጠራቀመበት የማኅበር ሂሳብ ግን ሩቅ አይደለም።

ምን ብናደርግ ይሻላል?

ከውጭ የተመለሱ እኅቶች ገንዘብ ያዥ አይሁኑ ማለት መፍትሔ አይደለም። ሂሳብ አያያዝ የሚያውቁ፣ ጊዜያቸውን ሳይሰስቱ የሚሰጡ ሴቶችን በሩቅ አገር ሕግ ምክንያት ከሥራ ማግለል ይሆናል። ዝም ብሎ ማስፈረምም ተገቢ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የሚከተለውን በመተዳደሪያ ደንባችን ብናስገባ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ማንኛዋም ተመራጭ በባንክ ከመፈረሟ በፊት ይህ ግዴታ ይነገራት፤ ምርጫው የራሷ ይሁን። ሁለተኛ፣ መዝገብ መያዝና መፈረም ይለያዩ። መዝገብ መያዝ ብቻውን ግዴታ አያመጣም፤ መፈረም ነው የሚያመጣው። ሦስተኛ፣ የፈረመች ካለች ማኅበሩ በየዓመቱ በጥር ወር የባንኩን ስም፣ የሂሳቡን ቁጥርና ካለፈው የፈረንጆች ዓመት ውስጥ ከፍተኛውን ቀሪ ሂሳብ የሚገልጽ ደብዳቤ ይስጣት፤ የሪፖርቱ ቀነ ገደብ በፈረንጆች ኤፕሪል 15 ሆኖ እስከ ኦክቶበር 15 በራሱ ይራዘማል። አራተኛ፣ የማኅበሩ ሂሳብ ለውጭ መንግሥት እንደሚገለጽ ጠቅላላ ጉባኤው ይወቅ። የሁላችንም ገንዘብ ስለሆነ በጓዳ የሚወሰን ነገር አይደለም።

እስካሁን ሳያሳውቁ የቀሩ እኅቶች ደግሞ አይደንግጡ። ሆን ብለው ላልሸሸጉና ውጭ አገር ለሚኖሩ፣ የ3 ዓመት የግብር ማስታወቂያና የ6 ዓመት ኤፍባር አቅርበው ያለ ቅጣት የሚስተካከሉበት መንገድ ከ2014 ጀምሮ ሰፍቶ ተከፍቷል። ከመጀመራቸው በፊት ጉዳዩን የሚያውቅ ባለሙያ ያማክሩ።

ስለ ሕጉ ፍትሐዊነት ስንነጋገር የአሜሪካን መከራከሪያ ባዶ ነው ማለት አንችልም። ፓስፖርቱ በር ይከፍታል፤ በክፉ ቀንም ኤምባሲ አለ። በኅዳር 2021 አዲስ አበባ ስትጨነቅ፣ ኤምባሲው ዜጎቹ እንዲወጡ ሲያሳስብ ለትኬት የቸገራቸው ብድር መጠየቅ እንደሚችሉ ገልጾ ነበር። ጥበቃው ግን የሚመለስ ብድር ነበር፤ ግዴታው ደግሞ በየዓመቱ የሚመጣ ነው። በ1864 የታሰበው ፓሪስ ተቀምጦ ኪራይ የሚበላው ባለጸጋ ነበር። እሱ ዛሬም ጠበቃና ሂሳብ ሠራተኛ አያጣም። ቅጹን በማታ ብቻዋን የምትታገለው መደርደሪያዋ ላይ ሳሙናና ዘይት የደረደረች ባለሱቅ ናት። ሕጉን ዋሽንግተን እስክታስተካክለው ድረስ፣ ይህች እኅት ቢያንስ በማኅበሯ ውስጥ ብቻዋን እንዳትሆን ማድረግ የእኛ ድርሻ ነው።